«ዘ ፈርም»፦ ልቦለዱን የወደደ ሰው ከፊልሙ መጨረሻ ጋር ሊታረቅ ይችላልን?

የገጽ ጥግ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የጆን ግሪሻምን «ዘ ፈርም» ያነበብሁት የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መንገድ ዳር ከሚያነጥፍ የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ በገዛሁት ቅጂ ነው። ሽፋኑ በፕላስተር ተለጥፏል፤ የመጨረሻዋ ቅጠል ደግሞ ተቀድዳ ወጥታለች። ስለዚህ ባለታሪኮቹ ካሪቢያን ባሕር መድረሳቸውን አውቄ፣ የመሰነባበቻ ቃላቸውን ሳላነብ መጽሐፉን ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ያህል ደጋግሜዋለሁ፤ ሁልጊዜም በዚያው በጎደሎው ቅጂ። ሲድኒ ፖላክ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣውን ፊልም ግን ከዳር እስከ ዳር ያየሁት ከትናንት በስቲያ ማታ ነው። 154 ደቂቃ ሙሉ ከተቀመጥሁበት አልተነሣሁም፤ ሲያልቅ ግን ተናድጄ ነበር።

ላላነበባችሁት ነገሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሚች ማክዲር በድህነት ያደገ፣ ከሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት በከፍተኛ ውጤት የተመረቀ ወጣት ነው። ሜምፊስ ከተማ ያለ አንድ አነስተኛ የጥብቅና ድርጅት በልቦለዱ 80,000 ዶላር የመነሻ ደመወዝ፣ አዲስ ቢ.ኤም.ደብልዩ መኪናና ወለዱ ዝቅተኛ የሆነ የቤት ብድር አቅርቦ ይወስደዋል። ድርጅቱ የቺካጎው የሞሮልቶ ማፊያ ቤተሰብ ገንዘብ በኬይማን ደሴቶች በኩል የሚታጠብበት ቤት መሆኑን፣ ከዚያም በሕይወት የለቀቀ ጠበቃ አለመኖሩን የሚያውቀው ብድሩንም መኪናውንም ከተቀበለ በኋላ ነው። ኤፍ.ቢ.አይ. በአንድ በኩል ሰነዶቹን ካላመጣህ አብረህ ትታሰራለህ ይለዋል፤ ቢያመጣ ደግሞ የደንበኞቹን ምስጢር አሳልፎ ስለሰጠ የጥብቅና ፈቃዱን ይነጠቃል፤ ማፊያውም አይለቀውም።

በልቦለዱ ሚች ሙያውን ያጣል። ሰነዱን ይሰጣል፣ ከመንግሥት ገንዘብ ይቀበላል፣ ከድርጅቱ ሒሳብም 10 ሚሊዮን ዶላር ወደ ሌላ ባንክ ያሻግራል፤ ከሚስቱና ከወንድሙ ጋር ፍሎሪዳ ባሕር ዳርቻ ላይ ባለ ርካሽ ሞቴል ተሸሽጎ ከሁለቱም ወገን አሳዳጆች በጀልባ ያመልጣል። በፊልሙ ግን ሚች ድርጅቱ ደንበኞቹን ከሠራው ሰዓት በላይ ሲያስከፍል መቆየቱን ይደርስበታል፤ የተጋነነው የክፍያ መጠየቂያ በፖስታ ስለሚላክ እያንዳንዱ ፖስታ የፌዴራል ወንጀል ይሆናል፤ በዚህ ብልሃት ድርጅቱን አፍርሶ፣ ፈቃዱን ይዞ፣ ሚስቱን በአሮጌ መኪና አሳፍሮ ወደ ቦስተን ይመለሳል። ዓመታት ሙሉ ውስጤ የኖረውን ፍርሃት ፊልሙ በሒሳብ መደመሪያ ማሽን ተካው። መጥፎ ውል የፈረመ ሰው ንጹሕ ሆኖ መውጣት የለበትም ብዬ አምናለሁ። እናንተስ?

ብርሃንና ጥላ

ወንድማችን፣ ፊልሙን የፈረዱበት መጽሐፍ ስላልሆነ ይመስላል። እኔ በተቃራኒው ፊልሙን በልጅነቴ ከሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ተከራይተን አይቼ መጽሐፉን በኋላ ነው ያነበብሁት፤ መጽሐፉ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ወደ ማሳደድ ብቻ ሲቀየር ትዕግሥቴ አልቆ ነበር።

ፊልሙ የጨመራቸውን ነገሮች ልብ ይበሉ። የዴቭ ግሩሲን ሙዚቃ ከሞላ ጎደል በአንድ ፒያኖ ብቻ የተሠራ ነው። ልብ አንጠልጣይ ፊልም ሲባል ቫዮሊን መንቀጥቀጥ፣ ከበሮ መደብደብ አለበት ብለን በምንጠብቅበት ቦታ አንድ ሰው ፒያኖውን እንደ ሜምፊስ ቡና ቤት ሙዚቀኛ ይመታዋል፤ ሚች ሲሮጥ እጁም አብሮ ይሮጣል። ሆሊ ሃንተር የግል መርማሪውን ጸሐፊ ታሚን ሆና የምትታየው 6 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው፤ በዚያችው ሚና ለምርጥ ረዳት ተዋናይት ኦስካር ታጨች፤ በዚያው ምሽት በሌላ ፊልም የምርጥ ተዋናይትን ሽልማት ወሰደች። ጂን ሃክማን ደግሞ ስሙ ፖስተሩ ላይ የለም፤ ከርዕሱ በላይ ሚችን የሚጫወተው የቶም ክሩዝ ስም ብቻ እንዲሰፍር ውል ስለነበረ፣ እንዲያ ከሆነ የእኔ ጭራሽ ይቅር አለ ይባላል። ይሁንና ከፊልሙ ወጥተው ቤትዎ ሲደርሱ የሚያስታውሱት የእርሱን ፊት ነው፤ ለራሱ ያለው ክብር ካለቀ ብዙ ዓመት የሆነው፣ ግን ጨዋነቱ ገና ያላለቀ የአንድ ሽማግሌ ጠበቃ ፊት።

ስለ መጨረሻው ግን እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። የሕግ ሰው ይናገርበት።

ገና ምዕራፍ አስር

እባካችሁ፣ መጽሐፉን የጀመርሁት ባለፈው ሳምንት ነው፤ ጀልባዋን አሁን ሰማሁ።

የገጽ ጥግ

ይቅርታ እህቴ። ርዕሱ ላይ «መጨረሻ» የሚለውን ቃል በማስፈሬ ማስጠንቀቂያ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። ቢሆንም አይዘኑ፣ ማምለጣቸውን እያወቁ ማንበብም ልብ ያንጠለጥላል።

ካባ ለባሹ

የሕግ ሰው ይናገር ከተባለ እነሆ። አዲስ አበባ ውስጥ በጥብቅና ሙያ ከተሰማራሁ 14 ዓመቴ ነው፤ ይህንን ፊልም ከአንድም ሁለት ጊዜ ተማሪዎች ፊት ስለ ሙያ ሥነ ምግባር ለመናገር ተጠቅሜበታለሁ። የገጽ ጥግ «ንጹሕ ሆኖ ወጣ» ማለታቸው ትንሽ ያጠያይቃል፤ እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

በአሜሪካ ሕግ ሁለት ተቀራራቢ ነገሮች አሉ፤ ፊልሙም ልቦለዱም አንዳንዴ ያደባልቋቸዋል። አንደኛው ፍርድ ቤት ጠበቃን ደንበኛህ የነገረህን ተናገር ብሎ እንዳያስገድደው የሚከለክል የማስረጃ ሕግ ነው። ሁለተኛው ማንም ባያስገድደው እንኳ ጠበቃው የደንበኛውን ጉዳይ በራሱ ፈቃድ እንዳያወጣ የሚያስር የሙያ ግዴታ ነው። የመጀመሪያው ልዩ ሁኔታ አለው፤ ደንበኛው ወደፊት ለሚፈጽመው ወይም እየፈጸመ ላለው ወንጀል ወይም ማጭበርበር የጠበቃውን ምክር መሣሪያ ካደረገ ጥበቃው ይቀራል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1989 ይህ ልዩ ሁኔታ እንዴት እንደሚመረመር በሰፊው ተንትኗል። የሞሮልቶ ቤተሰብ ገንዘብ የሚያጥበው በጠበቆቹ እጅ ስለሆነ፣ ሚች «ምስጢራችሁ በእኔ ዘንድ ለዘላለም የተጠበቀ ነው» የሚላቸው ነገር አንድ ብርቱ ዐቃቤ ሕግ ቢነሣበት በማስረጃ ሕግ ረገድ ብዙም የማይቆም ነው። የፊልሙ ደካማ ጎን እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው፣ ማለትም የሙያ ግዴታው፣ ግን የፊልሙ ጠንካራ ጎን ነው። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው አርአያ ደንብ በጊዜው ጠበቃ ምስጢር እንዲያወጣ የፈቀደለት በዋናነት ሰው ሊሞት ወይም ከባድ የአካል ጉዳት ሊደርስበት ሲል ነበር፤ የገንዘብ ጉዳት የተጨመረው ከ20 ዓመት በኋላ በ2003 ነው። ደንቡ በየስቴቱ የተለያየ ቢሆንም፣ በልቦለዱ ዘመን አንድ ጠበቃ የደንበኛውን የሒሳብ ሰነድ ገልብጦ ለፖሊስ መስጠቱ ፈቃዱን ለአደጋ እንደሚያጋልጥ መስጋቱ እውነተኛ ስጋት ነው። ታዲያ የፊልሙ ሚች ምን ያደርጋል? ሁለቱ የሞሮልቶ ወንድማማቾች ፊት ብቻውን ይሄድና «ድርጅቱ እናንተንም አጭበርብሯችኋል፤ የክፍያ መጠየቂያዎቻችሁን ለመንግሥት እንድሰጥ ፍቀዱልኝ» ይላል። ደንበኛ የፈቀደውን ማውጣት ደግሞ ምስጢር ማባከን አይደለም። በዚያ ክፍል ውስጥ ያለው ፍርሃት ከየትኛውም የሩጫ ትዕይንት ይበልጣል። ልጁ ግንባሩ አልቦ፣ ማፊያ ፊት ቆሞ የጠየቃቸው ነገር ቢኖር ፈቃድ ነው!

በፖስታ ማጭበርበር የሚለውም ቀልድ አይደለም። ሕጉ እ.ኤ.አ. ከ1872 ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ በ1970 የወጣው የተደራጀ ወንጀል ሕግ ደግሞ ተደጋጋሚ የፖስታ ማጭበርበርን ከትልልቆቹ ወንጀሎች ጋር አሰልፎታል። አል ካፖን በ1931 ለ11 ዓመት እስራት የተፈረደበት በነፍስ ግድያ ሳይሆን በግብር መሆኑን ካስታወሳችሁ፣ የቺካጎ ማፊያን ድርጅት በደረሰኝ መጣል ለአሜሪካ ተመልካች የታወቀ ዜማ ነው።

በእኛም አገር የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሙያ ምስጢር ማውጣትን በወንጀል ያስቀጣል፤ ስለዚህ ተማሪዎቼ የሚችን ጭንቀት ለመረዳት ሜምፊስ መሄድ አላስፈለጋቸውም።

ነጥብ አንድ

እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፤ በአንድ የጥብቅና ድርጅት ውስጥ የጠበቃ ረዳት ሆኜ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። የስሜ ምክንያት ይህ ነው፤ በእነርሱ ቤት ሰዓት የሚቆረሰው በአሥር ነው፤ ስድስት ደቂቃ ማለት ነጥብ አንድ ነው። ስልክ አንሥተህ «ነገ ደውልልኝ» ብለህ ብትዘጋ ነጥብ አንድ። ሁለት መስመር ኢሜይል ብታነብ ነጥብ አንድ። በቀኑ መጨረሻ ቁጥሮቹን ከነማብራሪያቸው ወደ ኮምፒዩተር የማስገባው እኔ ነበርሁ።

ስለዚህ የገጽ ጥግ «ፍርሃቱን በመደመሪያ ማሽን ተካው» ሲሉ ፈገግ አልሁ፤ ምክንያቱም እኔን በእውነት ያስፈራኝ ያ ማሽን ነው። መጀመሪያ ላይ የሠራሁበት ቢሮ (ስሙ ይቆይ) አንድ ከፍተኛ ጠበቃ ማታ ማታ ወረቀቴን ተቀብሎ በእርሳስ «ነጥብ አንድ» ያለውን ሁሉ «ነጥብ ሦስት» ያደርገው ነበር፤ አንድም ቃል ሳይናገር፣ ቡናውን እየጠጣ። ጠመንጃ የለም፣ ማፊያ የለም፤ እርሳስ ብቻ። እኔም ጠዋት ገብቼ እጽፈዋለሁ። ሥራ የቀየርሁት ከአምስት ወር በኋላ ነው፤ ያ አምስት ወር አሁንም ይቆጨኛል።

ፊልሙ ውስጥ አንድ ደንበኛ «የተጠየቅሁት ክፍያ በዝቷል» ብሎ ሲያማርር ሚች መጀመሪያ ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ሁላችንም እንደዚያ ነበርን። ቁልፉ እጁ ላይ እያለ ፊልሙ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሌላ በር እንዲፈልግ ያደርገዋል። እርግጥ በልቦለዱም ስለ ሰዓት አቆጣጠር ገና ሚች ሥራ ሲጀምር ይነገረዋል፤ ግሪሻም ግን ዘሩን ዘርቶ ሳያጭደው ቀረ። የፊልሙ ጸሐፊዎች ያጨዱት የእርሱን ዘር ነው ብዬ ብናገር አልተሳሳትሁም።

የገጽ ጥግ

ካባ ለባሹ፣ የማስረጃ ሕጉና የሙያ ግዴታው ልዩነት ለእኔ አዲስ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነጥብ አንድ፣ የእርሳሱ ነገር ከአንደበትዎ ሲሰማ ከፊልሙም ይበልጣል።

ነገር ግን አንድ ነጥብ አልለቅም። ግሪሻም ይህን ሲጽፍ ራሱ ሚሲሲፒ ውስጥ ጠበቃ ነበር፤ የመጀመሪያ መጽሐፉ የታተመው 5,000 ቅጂ ብቻ ነበር፤ «ዘ ፈርም» ደግሞ ገና አሳታሚ ሳያገኝ ፓራማውንት የፊልም መብቱን በ600,000 ዶላር ገዛው። ከሙያው ሊወጣ አንድ እግሩን ያነሣ ሰው የጻፈው መጽሐፍ ነው። ሚች ገንዘቡን ይዞ ሕግን ለዘላለም ጥሎ መሄዱ በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። ፊልሙ ሚችን መልሶ ጠበቃ አድርጎት ሲያበቃ የልቦለዱን ዋና ሐሳብ፣ ማለትም «ይህ ሙያ አንዴ ከዋጠህ ትፋኝ ብትለው አይተፋህም» የሚለውን ገለበጠው። ሕግ ያሰረውን ራሱ ሕግ ይፈታዋል የሚለው የፊልሙ እምነት ያምራል፤ ልቦለዱ ግን አላመነበትም፤ እኔም የወደድሁት ስላላመነበት ነው።

አርባኛው መንገድ

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እኔ የጭነት መኪና አሽከርካሪ ነኝ፤ በንባብ ሳይሆን በጆሮ ነው መጽሐፍ የምጨርሰው። «ዘ ፈርም»ን ከኦክላሆማ ወደ ምሥራቅ በአርባ ቁጥር አውራ ጎዳና ስነዳ ሰማሁት፤ ሚሲሲፒ ወንዝ ጋ ስደርስ ሚች ገና ኬይማን ነበር። ዌስት ሜምፊስ የሚባለው ከወንዙ ማዶ፣ አርካንሶ ውስጥ ያለ የመኪና ማቆሚያ ከተማ ነው፤ እዚያ አድሬ በማግስቱ ዕረፍት ስለነበረኝ ፊልሙ የተቀረጸበትን ቦታ ልይ ብዬ ወደ መሐል ከተማ ተሻገርሁ።

ሚች የሚያመልጥበት፣ ሞኖሬል የሚሉት ባቡር፣ ከእግረኛ ድልድይ ሥር ተንጠልጥሎ ወደ መድ አይላንድ የሚሄድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 አገልግሎት አቁሟል። ድልድዩ ላይ ቆሜ ወንዙን አየሁት፤ ውኃው ቡናማ ነው፣ ዝግ ብሎ ይሄዳል። ከዚያ አንድ ነገር ገባኝ። የመጽሐፉ ማሳደድ በብዙ መቶ ማይል ይበተናል፤ ሜምፊስ ተጀምሮ ፍሎሪዳ ያልቃል፤ መንገድ ይዘጋል፣ ሞቴል ይፈተሻል። ነጂ ስለሆንሁ ያ ክፍል ይጥመኛል፤ ርቀቱን በእግሬ ጣት ነው የማውቀው። ፊልሙ ግን ሁሉንም በዚህች የመሐል ከተማ ጥቂት መንገዶች ውስጥ፣ በጥቂት ሰዓታት ጨመቀው። ለዓይን ይሻላል፤ ነገር ግን ሰው ሲሸሽ የሚሰማው ድካም የለበትም። በፊልሙ ሚች ያልበዋል እንጂ አይደክመውም። የገጽ ጥግ የጎደለባቸው ፍርሃት ሳይሆን ድካም ሊሆን ይችላል።

እመት ንባብ

ይህን ሁሉ ወንዶች ስትከራከሩ አንዳችሁም የሚችን ሚስት አቢን አላነሣችሁም። ልጆቼ፣ የፊልሙና የልቦለዱ ትልቁ ልዩነት የክፍያ መጠየቂያው ሳይሆን ሚስቱ ናት።

በሁለቱም ሚች ኬይማን ሄዶ ባሕር ዳር ላይ ሆን ተብሎ በተላከችለት ሴት ይወድቃል፤ ድርጅቱም ፎቶውን ይይዝበታል። በልቦለዱ ምስጢሩን ለሚስቱ ሳይነግራት ታሪኩ ያልቃል። አቢ ሁሉን ትታ ከወላጆቿ ተለይታ አብራው ወደማይታወቅ አገር ስትሸሽ፣ አብራው የምትሸሸው ሰው ማን እንደሆነ አታውቅም። ይህ አንባቢን ሊረብሸው ይገባ ነበር፤ ግሪሻም ግን ምንም እንዳልሆነ አልፎታል። በፊልሙ ግን ሚች ራሱ ይነግራታል፤ እርሷም ትታው ትሄዳለች። በኋላ ሰነዶቹን ለማስገልበጥ ኬይማን ድረስ የምትሄደው እየቆሰለች፣ ማንም ሳያዛት፣ አውቃ ነው። ሃክማን የሚጫወተው ኤቨሪ አታልላ እንዳስተኛችው ሲገባው አይጮኽባትም፤ ይለቃታል። እዚያ ትዕይንት ላይ ሁለት የተከዱ ሰዎች ይተያያሉ፤ እንዲህ ያለ ነገር በልቦለዱ አምስት መቶ ገጽ ገደማ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም። የገጽ ጥግ «ንጹሕ ሆኖ ወጣ» ያልኸው ሚች ሚስቱ ፊት ንጹሕ አልነበረም፤ ይልቅ በልቦለዱ ነው ሳይጠየቅ ያመለጠው።

ሌላው፣ የጎደለችህን ቅጠል በተመለከተ። የእኔ ቅጂ ሙሉ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ስለነበር ተነሥቼ አየሁልህ። መጨረሻ ላይ ደሴቲቱ ላይ ሆነው ይጫወታሉ፤ ሚች ድሮም ጠበቃ መሆን አልፈልግም ነበር ይላታል፤ ታዲያ ምን ልትሆን ነበር ብትለው፣ መርከበኛ ይላታል። ነገሩ በቀልድ ነው የሚያልቀው።

ካባ ለባሹ

እመት ንባብ፣ መርከበኛ ነው ያሉን? በፊልሙ ሞሮልቶዎቹ ፊት ሲቆም ሚች ራሱን የሚመስለው በመርከብ ነው እኮ! ምስጢራቸውን የጫነ፣ የትም ወደብ የማይደርስ፣ እርሱ በሕይወት እስካለ ድረስ ባሕር ላይ የሚኖር መርከብ። ይህን ንግግር ተማሪዎቼ ፊት ስንት ጊዜ አሳይቻለሁ፤ ከየት እንደመጣ ግን አስቤው አላውቅም።

የገጽ ጥግ

አሁን ያንን ትዕይንት ከፍቼ ደገምሁት። እውነት ነው፤ መርከብ ይላል። እመት ንባብ፣ ለጥያቄዬ የሰጡኝን መልስ እያሰብሁበት ነው፤ ስለ አቢ የተናገሩትን ልከራከርበት ሞክሬ አልቻልሁም። እስከዚያው ግን አንድ ውለታ ልለምንዎት፤ የዚያችን ቅጠል ሁለቱንም ገጽ በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ፤ አትሜ ቅጂዬ ላይ በፕላስተር እለጥፋታለሁ።